ከካሴት ወደ ኮምፒዩተር ሲገለበጥ የሚቀር ድምፅ
በመቱ ከተማ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለአገልጋዮች የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ እንድናገር የታዘዝሁበት ጉዳይ ስሙ ሲጠራ ለባለሙያ ብቻ የሚተው ይመስላል። በእጅ ቪዲዮ ካሜራ የተቀረጹ ካሴቶች ወደ ኮምፒዩተር ሲገለበጡ ምስሉ ደኅና መጥቶ ድምፁ፣ ወይም የድምፁ እኩሌታ፣ የሚቀረው ለምንድን ነው? ምንስ ማድረግ ይገባናል? ጥያቄው የገመድና የማሽን ቢመስልም የሚነካው የየአጥቢያችንን ታሪክ ነው። ካሴቱ ይቀመጥ ወይስ ይጣል ብሎ የሚወስነውም ብዙውን ጊዜ ቴክኒሻኑ ሳይሆን እናንተ የሰበካ ጉባኤ አባላት ናችሁ። ስለዚህ ነገሩን ማወቅ የሚገባችሁ እናንተ ናችሁ ብዬ አምናለሁ።

የአጥቢያ ዕቃ ቤት ሲከፈት ከመዝገቡና ከአሮጌው ንዋይ ጎን በካርቶን የታጨቁ ካሴቶች ይገኛሉ። አንዳንዱ ትልቁ ቪኤችኤስ ነው፤ ሌላው ደግሞ በመዳፍ ውስጥ የምትያዘው ትንሿ ሚኒ ዲቪ ናት። ዲቪ የተባለው የአቀራረጽ ስልት በዓለም ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ሲሆን፣ ወደ እኛ አገር ከገባ በኋላ የሠርጉም፣ የጥምቀቱም፣ የጉባኤውም መቅረጫ ሆኖ ቆይቷል። በእነዚህ ካሴቶች ላይ የቤተ ክርስቲያን ምረቃ አለ፤ የምንጭ ማጎልበት ሥራ ርክክብ አለ፤ ዛሬ በሕይወት የሌሉ መሪጌቶች ዜማ አለ።

ጎሬ ሰማዕቱ አቡነ ሚካኤል በ1929 ዓ.ም. በጠላት እጅ ደማቸውን ያፈሰሱባት ከተማ ናት። በዚያ ዘመን የእጅ ቪዲዮ ካሜራ አልነበረም። ያዩት ለልጆቻቸው፣ ልጆቻቸውም ለተከታዩ ትውልድ እየተናገሩ ታሪኩ ከአንደበት ወደ ጆሮ ሲተላለፍ ኖረ። ከአባቱ የሰማውን የሚናገር አንድ አረጋዊ ቃሉን በካሴት ትቶ አርፎ ቢሆን፣ ምስሉ ብቻውን ምን ይረባናል? ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ እናያለን እንጂ ምስክርነቱን አንሰማም።

አስቀድሜ እኔ ራሴ የሳትሁትን ልናገር። በዚሁ በአካባቢያችን ባለች አንዲት አጥቢያ የተጎለበተ ምንጭ ለሕዝቡ ሲያስረክቡ የተቀረጸ ፊልም ነበር። ንግግሩ በአማርኛ ነው፤ ኋላ ግን አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ በዚያው ካሴት ላይ በአፋን ኦሮሞ ትርጉሙን ጨምሮበታል። ካሴቱን ተረክቤ ወደ ኮምፒዩተር ገለበጥሁና በፍላሽ አድርጌ መለስሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሽ ሲታይ አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ያን ጊዜ በቋንቋችን ይናገር ነበር እኮ፤ አሁን ማን አፉን ዘጋው?» አሉኝ። እኔም ካሴቱ አርጅቶ ነው ብዬ መለስሁ። ሳላጣራ የሰጠሁት መልስ ነበር። ከሳምንት በኋላ ካሴቱን ወደ ካሜራው መልሼ፣ ማዳመጫ በጆሮዬ አድርጌ፣ የካሜራውን ምርጫ አንድ በአንድ ስሞክር የአፋን ኦሮሞው ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። ካሴቱ ምንም አልሆነም ነበር፤ ያልፈለግሁት እኔ ነበርሁ። አጥቢያዋ ግን በእኔ ቃል ተማምና ካሴቱን ጥላው ቢሆን ኖሮ ያ ትርጉም ዛሬ አይገኝም ነበር።

ነገሩን በምናውቀው ምሳሌ ላስረዳ። በማኅሌት ጊዜ ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ተከፍለው ይቆማሉ፤ ቀኝ ጌታ በአንድ ወገን፣ ግራ ጌታ በሌላው። አንዱ ወገን ሲመራ ሌላው ይቀበላል። አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ የቀኙን ብቻ ቢሰማ ማኅሌቱን ሰማሁ ሊል አይችልም። ካሴትም እንዲሁ ድምፅን በመስመር ከፍሎ ይይዛል፤ ባለሙያዎቹ እያንዳንዱን መስመር ቻናል ይሉታል። በተለመደው አቀራረጽ የግራና የቀኝ መስመር አለ፤ ሁለቱ በአንድነት ስቴሪዮ ይባላሉ።

በሚኒ ዲቪ ካሴት ግን ሁለት ዓይነት አቀራረጽ አለ። አንደኛው 16 ቢት የሚባለው ነው። ድምፁን በሴኮንድ 48,000 ጊዜ እየለካ በሁለት መስመር ብቻ ይጽፋል። ሁለተኛው 12 ቢት የሚባለው ሲሆን በሴኮንድ 32,000 ጊዜ እየለካ አራት መስመር ያዘጋጃል። ከአራቱ ሁለቱ ካሜራው መጀመሪያ ሲቀርጽ የሚሞሉ ናቸው። የቀሩት ሁለቱ ኋላ ለሚጨመር ትርጉም፣ ትረካ ወይም መዝሙር ባዶ ሆነው የሚጠብቁ ናቸው። በማኅሌቱ ምሳሌ ብንሄድ፣ በአንድ ካሴት ላይ ሁለት ማኅሌት ጎን ለጎን ቆሟል ማለት ነው። ብዙ የእጅ ካሜራዎች ከፋብሪካ ሲወጡ 12 ቢት ላይ ተስተካክለው ስለነበር ቀራጩ ሳያውቀው ካሴቱ አራት መስመር ይኖረዋል።

ችግሩ የሚመጣው በመገልበጡ ጊዜ ነው። ብዙዎቹ የመገልበጫ ፕሮግራሞች የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች ብቻ ያነሣሉ፤ ሁለተኛው ጥንድ እንዳለ እንኳ አያሳዩም። የዚያች አጥቢያ የአፋን ኦሮሞ ትርጉም የቀረው በዚህ ምክንያት ነበር።

እንግዲህ ድምፅ ሲጠፋ በምን ቅደም ተከተል እንፈልገው? ውኃ ሲጠፋ አስቀድመን ወደ ምንጩ እንደምንሄድ ሁሉ፣ እዚህም ከካሴቱ ተነሥተን ወደ ኮምፒዩተሩ እንውረድ።

አንደኛ፣ ገመዱን ሁሉ ነቅላችሁ ካሴቱን በራሱ በካሜራው አጫውቱ፤ ማዳመጫም በካሜራው ላይ ሰክታችሁ በሁለቱም ጆሮ ስሙ። ከዚህ በፊት ግን በካሴቱ ጠርዝ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ካሴቱን ወደሚጠብቀው ወገን አንሸራትቱ፤ በስሕተት የመቅጃው ቁልፍ ቢነካ እንኳ በላዩ እንዳይቀረጽበት ነው። በማዳመጫው ድምፁ ከተሰማ ካሴቱ ደኅና ነው፤ ጥፋቱ ከካሜራው ወዲህ ነው ማለት ነው። ይህች የአምስት ደቂቃ ሥራ የብዙ ቀን ድካም ታስቀራለች።

ሁለተኛ፣ በማዳመጫው አንድ ወገን ብቻ ከተሰማ ወደ ካሜራው ምርጫዎች ግቡ። በብዙ ካሜራዎች ሃይፋይ ሳውንድ የሚል ምርጫ አለ። እርሱ ስቴሪዮ በሚለው ፋንታ 1 ወይም 2 በሚለው ላይ ከተቀመጠ አንዱ መስመር ብቻ ይወጣል፤ ወደ ስቴሪዮ መልሱት። ከዚያም ኦዲዮ ሚክስ የሚለውን ፈልጉ። እርሱ በ12 ቢት በተቀረጸ ካሴት ላይ በመጀመሪያው ጥንድና በሁለተኛው ጥንድ መካከል የሚያመዛዝን ነው። ወደ ሁለተኛው ጥንድ ስታስጠጉት ኋላ የተጨመረ ድምፅ ካለ ይሰማል። ትርጉም ተጨምሮበታል ተብሎ የሚታወቅ ካሴት ሁሉ በዚህ መንገድ መፈተሽ አለበት። የቪኤችኤስ ካሴትም ተመሳሳይ ጠባይ አለው፤ ኋላ የሚጨመረው ድምፅ በሃይፋዩ ሳይሆን በካሴቱ ጠርዝ በሚገኘው ተራ መስመር ላይ ይጻፋል። ስለዚህ ማጫወቻው ሃይፋዩን ብቻ ሳይሆን ተራውንም መስመር እንዲያሰማ ማድረግ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ገመዱን መርምሩ። ከካሜራ ወደ ኮምፒዩተር የሚወስዱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ ፋየርዋይር ወይም አይ-ሊንክ የሚባለው ዲጂታል ገመድ ነው፤ በካሴቱ ላይ ያለውን እንዳለ ያሻግራል። ሲሰካም ሲነቀልም ካሜራው ይጥፋ፤ አለበለዚያ መሰኪያው ሊቃጠል ይችላል። ሁለተኛው ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ጫፍ ያለው ኤቪ ገመድ ነው። ቢጫው ለምስል፣ ነጩ ለግራ ድምፅ፣ ቀዩ ለቀኝ ድምፅ ነው። በዚህ ገመድ ላይ ሦስት ስሕተቶች አዘውትረው ይታያሉ። የመጀመሪያው፣ ነጩ ተሰክቶ ቀዩ መረሳቱ ነው። ሁለተኛው፣ የሌላ ካሜራ ገመድ መጠቀም ነው፤ በካሜራው በኩል ያለው ቀጭን ጫፍ መልኩ አንድ ቢሆንም ፋብሪካዎቹ ውስጡን በተለያየ ቅደም ተከተል ያገናኙታል። በዚህ ጊዜ በድምፁ ፋንታ ጉርምርምታ ይሰማል፤ ሦስቱን ቀለማት እያለዋወጡ መሞከር ብዙውን ጊዜ ይፈታዋል። ሦስተኛው፣ ድምፁን በላፕቶፑ የማይክሮፎን ቀዳዳ ማስገባት ነው። ያ ቀዳዳ ለአንድ ማይክሮፎን የተሠራና ድምፁን የሚያጎላ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሁለቱን መስመር አይቀበልም፤ የሚቀበለውንም ያሻክረዋል። ነጭና ቀይ መቀበያ ያለው፣ በዩኤስቢ የሚሰካ የመገልበጫ ዕቃ ይሻላል።

አራተኛ፣ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን ፋይል መርምሩ። እዚህ ላይ ትልቅ የምሥራች አለ። ካሴቱ በፋየርዋይር ተገልብጦ ፋይሉ በዲቪ መልኩ ከተቀመጠ፣ ፕሮግራሙ ባያሳያችሁም አራቱም መስመሮች በፋይሉ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለው በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ሁለተኛውን ጥንድ ለይቶ ያወጣል፤ ከከተማችሁ ኮምፒዩተር የሚያውቅ ወጣት ብትጠይቁ ሊያሠራው ይችላል። ነገር ግን ፋይሉ ቦታ እንዳይዝ ተብሎ ቶሎ ወደ ሌላ ትንሽ መልክ ከተቀየረና ዋናው ከተሰረዘ ያ ዕድል ያልፋል። የአንድ ሰዓት ዲቪ 13 ጊጋባይት ያህል ይይዛል። ብዙ ነው፤ ቢሆንም አንድ ሃርድ ዲስክ የአንድ አጥቢያ ካሴቶችን ሁሉ ሊይዝ ይችላል።

ይህ የማይቻል ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። የካሜራውን ኦዲዮ ሚክስ ወደ ሁለተኛው ጥንድ አዙራችሁ በኤቪ ገመድ እንደገና አጫውቱና ድምፁን ለብቻ ቅዱ፤ ኋላ ከምስሉ ጋር ይገጣጠማል። ይህ ምርጫ የሚሠራው በማዳመጫውና በኤቪ ገመዱ ላይ ነው፤ በፋየርዋይር የሚያልፈውን አይለውጠውም። ይህን ያልተረዳ ሰው ምርጫውን እያዞረ በፋየርዋይር ደጋግሞ ሲገለብጥ ይውላል።

ሌላም አለ። ድምፁ እስከ ካሴቱ አጋማሽ መጥቶ ድንገት ይቋረጣል፤ ወይም ከምስሉ ጋር አልገጥም ይላል። ምክንያቱ ቀራጩ በመካከል ከ12 ቢት ወደ 16 ቢት፣ ወይም በተገላቢጦሽ፣ ቀይሮ ሊሆን ይችላል። ፕሮግራሙ በጀመረበት ልክ ብቻ መስማት ስለሚቀጥል አዲሱን አይረዳውም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለውጡ ካለበት ቦታ አልፋችሁ ቀሪውን እንደ ሌላ ካሴት ለብቻ ገልብጡት።

አምስተኛ፣ ጥፋቱ በእርግጥ ከቀረጻው የመጣ ሊሆን ይችላል። አንድ መስመር ያለው ማይክሮፎን ባለሁለት መስመር በሆነው የካሜራ ቀዳዳ ሲሰካ ድምፁ በግራ ብቻ ይቀረጻል፤ ቀኙ መጀመሪያውኑ ባዶ ነው። የጠፋ ነገር የለም፤ በኮምፒዩተር ግራውን ወደ ቀኝም መቅዳት ይበቃል። አንዳንዴ ደግሞ በአንዱ መስመር ሰባኪው፣ በሌላው ሕዝቡ ወይም መዘምራኑ ተቀርጸዋል። እንዲህ ያለውን ሳታዳምጡ አንዱን በሌላው ላይ አትቅዱ፤ የሕዝቡን ተሰጥኦ ታጠፋላችሁና።

ከሁሉ የሚያደናግረው ግን በማዳመጫ እየተሰማ በአዳራሽ ድምፅ ማጉያ ወይም በስልክ ሲወጣ የሚጠፋው ድምፅ ነው። ይህ የሚሆነው ከሚክሰር የመጣ ገመድ በማይስማማ መሰኪያ ከካሜራው ሲገናኝ ነው። ሁለቱ መስመሮች አንድ ዓይነት ድምፅ ይዘው አንዱ የሌላው ተቃራኒ ሆኖ ይቀረጻል፤ ለየብቻ ሲወጡ ይሰማሉ፣ ሲቀላቀሉ ግን እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። መድኃኒቱ አንዱን መስመር ትቶ በሌላው ብቻ መጠቀም ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ግን ካሴቱን ባዶ ነው ብሎ ይፈርድበታል።

ስለ ካሴቶቹ አያያዝም ጥቂት ልበል። የምንኖረው ኢሉባቦር ውስጥ ነው። ዝናባችን ብዙ፣ አየራችን እርጥብ ነው። ለቡናውና ለደኑ በረከት የሆነው ይህ እርጥበት ለካሴት ጠላት ነው። በካሴቱ መስኮት ስታዩ በጥቅሉ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ ወደ ካሜራ አታስገቡት። የካሜራውን ራስ ያበላሻል፤ ወደ ሌሎች ካሴቶችም ይዛመታል። ለብቻው ለይታችሁ ለባለሙያ አቆዩት። ምስሉ በረድፍ እየተቆራረጠ ድምፁም የሚንቋቋ ከሆነ የካሜራው ራስ ቆሽሾ ሊሆን ስለሚችል በደረቅ ማጽጃ ካሴት ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ አጽዱት። ካሜራው ከብርድ ወደ ሙቅ ክፍል ሲገባ ጤዛ እንደሚይዝ አስቡና አንድ ሰዓት ያህል አቆዩት። ካሴቶቹን ወደ መጀመሪያው አጠንጥናችሁ፣ በቁማቸው፣ ከወለልና ከእርጥብ ግድግዳ አርቃችሁ፣ የዕጣንና የጧፍ ጢስ በማይደርስበት ሣጥን አስቀምጡ። መብራት ስለሚቋረጥም ባትሪው በሞላ ላፕቶፕ ብትሠሩ ይሻላል፤ የአንድ ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ ሙሉ አንድ ሰዓት ይወስዳልና።

ጊዜው አጭር መሆኑን ደግሞ አስቡ። የመጨረሻው የቪኤችኤስ ማጫወቻ ከፋብሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነበር። የፋየርዋይር ቀዳዳ ያለው ኮምፒዩተርም ከዓመት ወደ ዓመት እየጠፋ ነው። ዩኔስኮ ከድምፅና ምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር ጋር ሆኖ በካሴት ላይ ያለው ቅርስ ሳይረፍድ ወደ ኮምፒዩተር እንዲዛወር ለዓለም የማስጠንቀቂያ ጥሪ ያስተላለፈው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ካሴቱ ቢቆይ እንኳ ማጫወቻው ላይቆይ ይችላል። የሚሠራ ካሜራ ያለው አጥቢያ ካሜራውን ለጎረቤት አጥቢያዎች ቢያውስ ትልቅ ረድኤት ነው።

ስለዚህ የሰበካ ጉባኤያችሁን በአራት ነገር አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ በዚህ ሩብ ዓመት ካሴቶቻችሁን ቁጠሩ፤ በላያቸው ላይ የተጻፈውንም በመዝገብ አስፍሩ። ሁለተኛ፣ አንድ ካሴት ሲገለበጥ የቀረጻው ዓይነት 12 ወይም 16 ቢት መሆኑን፣ ስንት መስመር እንደተሰማና ቋንቋው ምን እንደሆነ በመዝገቡ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ሥራው ተጠናቀቀ ተብሎ ከመፈረሙ በፊት በቀረጻው ጊዜ የነበረ አንድ ሰው፣ ካህንም ይሁን ምእመን፣ ቅጂውን ተቀምጦ ያዳምጥ። የጎደለውን የሚያውቀው የነበረው ሰው ነው፤ ያቺ እናት ባይኖሩ ኖሮ እኔ ዛሬም ሥራዬን ጨርሻለሁ ብዬ እኖር ነበር። አራተኛ፣ ቅጂው ቢያምርም ካሴቱን አትጣሉ፤ በላዩም ሌላ ነገር አትቅረጹበት።

ጌታችን አምስቱን እንጀራ አበርክቶ ሕዝቡን ካጠገበ በኋላ የተረፈው ፍርፋሪ እንዲሰበሰብ ማዘዙን እናንተ አባቶች ዘወትር ታስተምሩናላችሁ። በየዕቃ ቤታችን ያሉት ካሴቶች አባቶቻችን በልተው ያተረፉልን ናቸው። በአንዱ መስመር አማርኛ፣ በሌላው አፋን ኦሮሞ፤ በአንዱ ካህኑ፣ በሌላው ተቀባዩ ሕዝብ አለ። እኩሌታውን ሰብስበን እኩሌታውን መሬት ላይ እንዳንተው ጆሮአችንን እናቅና። ዛሬ ማታ ወደየቤታችሁ ስትመለሱ፣ «ድምፅ የለውም» ተብሎ ወደ ጥግ የተገፋ ካሴት ካለ፣ እርሱን አስቀድማችሁ አንሡት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።